የሰርካዲስ ፍራሽ

ሂዳያን የፍሳሽ ሽታ አስጠልቷት አያውቅም። ክንዷን እስከ ብብቷ የሰው ቆሻሻ ውስጥ ነክራ፣ ፀጉርና ቅባት ተጣብቆ የሞተ አይጥ የመሰለ ነገር ጎትታ አውጥታ፣ እጇን በሳሙና ታጥባ እዚያው ደረጃው ላይ ሳንድዊቿን መግመጥ ትችላለች። ቆሻሻ ምን በደለ? የጣሉት ቦታ ነው የሚቀመጠው። አይሸነግልም፣ "እህቴ" ብሎ አንገት ላይ አይጠመጠምም። እሷን የሚያቅለሸልሻት ሌላ ነው። ሥራ አሠርቶ ሲያበቃ ጉንጯን ስሞ ባዶ እጇን የሚሸኛት ሰው ነው።

ቤሩት ዶራ ሰፈር ደግሞ እንዲህ ያለው ሰው ሞልቷል። ከሰፈሩ ድልድይ ወዲያና ወዲህ ባሉት ጠባብ ክፍሎች ሦስትና አራት ሆነው የሚኖሩት የአገሯ ልጆች ቧንቧቸው ሲያንጠባጥብ ወይም ውሃ ማሞቂያቸው አልሠራም ሲል፣ የማያውቁትን ወንድ ቤታቸው ማስገባት ይፈራሉ። ግማሾቹ የመኖሪያ ወረቀት የላቸውም፤ ሰውየው ገብቶ ያየውን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም። ስለዚህ ሂዳያን ይጠራሉ። ሂዳያ ሙያውን የተማረችው ቨርደን ከሚባለው ሰፈር፣ ከአሠሪዋ ከማዳሟ ቤት ከጠፋች በኋላ ነው። ከሊል የሚባል ሽማግሌ የቧንቧ ሠራተኛ ዘንድ ሱቅ ልትጠርግ ገብታ፣ ሽማግሌው ከመታጠቢያ ሥር የሚሾልክ ቀጭን ሰው ባጣ ቁጥር እሷን እያስገባ፣ እየተቆጣም እየሳቀም አስተማራት። ወገቡ አልታዘዝ ሲለው የመሣሪያ ሳጥኑን ለእሷ ተወላት። በነፃ አልሰጣትም፤ ሸጠላት። "በነፃ የመጣ መሣሪያ ዝናብ ላይ ያድራል" ይል ነበር።

የአገሯ ልጆች ግን ሂዳያ ዋጋ ስትጠራ የቀለደች ይመስላቸዋል። አንዷ ሽሮ በሳህን ታቀርባለች። አንዷ ትመርቃለች። አንዷማ "ዋጋውን ተይው፣ ቲክቶክ ላይ አወጣሽና ሰው ያውቅሻል" ብላት ነበር። ሰው ካወቃት በኋላስ? የሚያውቃት ሁሉ በነፃ ነው የሚፈልጋት። እጇ አመድ አፋሽ ሆኖ ቀረ።

ከሁሉም የምትብሰው ሰርካዲስ ናት። ሰርካዲስ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ገባ ብሎ ፀጉር ቤት አላት። እሑድ እሑድ፣ ሰው ቤት የሚያድሩት ልጆች እረፍት ሲወጡ ቤቷ ጢም ይላል፤ ሹሩባ የምትሠራው፣ ቅጥያ የምታስገባው፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣ ወሬ የምታነፍሰው አይቆጠርም። ሙያዋ የተመሰከረ ነው። ዋጋ ለሚከራከራት ደንበኛ ምላሷ ምላጭ ነው፤ "ይህን እጅ በነፃ ያገኘሁት መሰለሽ? ርካሽ ከፈለግሽ ሂጂና ጓደኛሽ ትጎንጉንሽ!" ትላለች። ሂዳያ ይህን በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች። ስትሰማ ከመታጠቢያው ሥር በጀርባዋ ተኝታ የሰርካዲስን ቧንቧ በነፃ እየጠገነች ነበር።

በነፃ የምትጠግነው በፍራሽ ምክንያት ነው። ከቨርደን በቤት ነጠላ ጫማ የጠፋች ቀን፣ ሰርካዲስ የፀጉር ቤቱን ጓዳ ከፍታ አንድ የስፖንጅ ፍራሽ ዘርግታላታለች። ትልቅ ነገር ነው፤ ሂዳያ አትክድም። ያን ቀን በሩ ባይከፈትላት የት እንደምትወድቅ አላህ ያውቃል። ነገር ግን ስንት ክረምት አለፈ! ሂዳያ ከወጣች በኋላ በጓዳው ስንቷ ገብታ ስንቷ ወጣች፣ ፍራሹ ግን ከሰርካዲስ አፍ አልጠፋም። ቧንቧ በፈሰሰ ቁጥር ይዘረጋል። ሂዳያ በዚህ ከተማ የቀራት ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ፍራሽ ላይ መነሣት።

የሰርካዲስ መታጠቢያ አልፈስ ያለው በሳምንቱ አጋማሽ ነው። ሂዳያ ተጠርታ ሄደች። ውሃ ለቀቀች፣ ጠበቀች፣ ውሃው ጥቁር አረፋ ይዞ ተመልሶ ወጣ። ወለሉን በጣቷ እየመታች ጆሮዋን ሰጠች፤ ቀጥሎ እንደ ማንኛውም ባለሙያ ዋጋዋን ተናገረች።

"ሠላሳ ዶላር።"

ሰርካዲስ ማበጠሪያዋን አየር ላይ አቆመች። "ስንት?"

"ሠላሳ። የታፈነው እዚህ አይደለም፣ ወዲያ ቧንቧው ከሚታጠፍበት ላይ ነው። ንጣፉ ተነሥቶ ነው የሚሠራው። ግማሽ ቀን ይፈጃል።"

"ከእኔ? ከእኔ ከሰርካዲስ?"

"ከማንም የምቀበለው ነው።"

"ያኒ እኔ ማንም ሆንኩ!" ሰርካዲስ ካስክ ሥር ወዳሉት ሴቶች ዞረች። "አያችሁልኝ? በነጠላ ጫማ ስትመጣ፣ ፍራሹን ስዘረጋላት፣ 'ስንት ትከፍያለሽ' ብያታለሁ? እስቲ ተናገሪ፣ ብዬሻለሁ?"

"አላልሽኝም።"

"ታዲያ!"

ካስክ ሥር ያለችው አንዷ፣ ሂዳያን አይታት እንኳ የማታውቅ፣ "ውይ፣ ሰውማ ውለታ አይረሳም" ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ሂዳያ መልስ ብትጀምር የምታቆም ስላልመሰላት ሳጥኗን አነሣች።

"ኸላስ፣ ሂጂ!" አለች ሰርካዲስ ከኋላዋ። "ራሴ እሠራዋለሁ። ስንት ዓመት የማዳም ቤት ስፈትግ የኖርኩ ሰው ቧንቧ ያቅተኛል? ውሃ እኮ ነው፣ መኪና አይደለም!"

ጓዳው በር ላይ ጥሩነሽ ፎጣ እያጠፈች ቆማ ነበር። ጥሩነሽ አርባን ያለፈች፣ ከራስ ቤሩት ከአሠሪዋ ቤት በቅርቡ የወጣች ሴት ናት። አሁን ፍራሹ ላይ የምታድረው እሷ ናት። ትጠርጋለች፣ ፎጣ ታጥባለች፣ የደንበኛ ፀጉር ከወለል ትለቅማለች። ደሞዝ የላትም፤ ፍራሽ አላት። ሂዳያ ስታልፍ አንገቷን ሰበር አድርጋ "ደህና ሁኚ" አለቻት፣ እሷ ያጠፋች ይመስል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዶራ በሙሉ ያውቀዋል። በዚህ ከተማ የሰው ቤት የሠራች ሴት ሁሉ ስለ አሲድና ስለ በረኪና ሊቅ ናት። ማዳም የምታስተምረው መጀመሪያ ይኼው ነው፤ አሲዱ የሽንት ቤቱን ዝገት ይበላል፣ በረኪናው ያነጣል። ሁለቱ ፈጽሞ መደባለቅ እንደሌለባቸው ግን ማዳም ከነገረችም በአረብኛ፣ ያውም በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቋንቋው ገና ጆሮ ሳይገባ ነው። ሰርካዲስ ሁለቱም ኃይለኛ ከሆኑ ሲደባለቁ እጥፍ ኃይለኛ ይሆናሉ ብላ አሰበች። አስባ ብትቀር መልካም ነበር። ሁለቱንም በጀሪካን ገዛች፤ ጥፍሯን ገና ቀለም አስቀብታ ስለነበር ግን ራሷ አላፈሰሰችም። ራሴ እሠራዋለሁ ያለችውን ጥሩነሽ እንድትሠራው አዘዘቻት። "እስከ ጠብታው ጨርሺው" አለቻት።

ጉሮሮ የሚቆርጥ ጭስ ከመታጠቢያው ተነሣ። ሴቶቹ እየሳሉ፣ እያለቀሱ፣ ግማሽ ጭንቅላት ሹሩባ ግማሽ ጭንቅላት ጎፈሬ ሆነው፣ ላስቲክ እንደተከናነቡ ወደ መንገድ ፈሰሱ። የቫን ሾፌሮች እየሳቁ በስልክ ቀረጹዋቸው። ሰርካዲስ ቀድማ ወጥታ ደንበኞቿን ታራግብ ነበር። ጥሩነሽ መጨረሻ ወጣች፤ እስከ ጠብታው ጨርሺ ተብላ የለ? ወጥታም ግድግዳ ተደግፋ የያዛት ሳል አልለቅ አላት። ማንም ሐኪም ዘንድ አልወሰዳትም። ወረቀት የሌላት ሴት ሐኪም ቤት ብትገባ መዘዙ ብዙ ነው ተባለ። እውነትም ነው፤ ግን ብርጭቆ ወተት ለመስጠት ምን ወረቀት ያስፈልጋል?

መታጠቢያው ከነበረበት ባሰበት። በማግስቱ ሰርካዲስ አንድ የማታውቀው የቧንቧ ሠራተኛ ጠራች፣ የአገሩን ሰው፣ ሊባኖሳዊ። ሂዳያ በዚያ ስታልፍ የደረሰችው ሰውየው ሲሸኝ ነው። ወለሉን አልከፈተም፤ ረጅም የብረት ዘንግ በጉልበት ሰድዶ፣ ውሃው ወረድ ሲል "ተከፈተ" ብሎ፣ የሂዳያን ዋጋ እጥፍ ጠይቆ ተቀብሏል። ስልሳ ዶላር። ሰርካዲስ አልተከራከረችም። ቡና አጠጥታዋለች፣ እስከ በሩ ድረስ ተከትላ፣ "ሜርሲ ክቲር፣ ያ ሙዓለም፣ እጅህን ይባርከው" እያለች ነበር። ሙዓለም ማለት የሙያ ጌታ ማለት ነው። ሂዳያ የሰርካዲስን ቧንቧ ስትጠግን ስትጠግን፣ ከዚያ አፍ ይህቺን ቃል አንድ ቀን ሰምታ አታውቅም።

ምራቋ መረራት። ገንዘቡ አልነበረም ያናደዳት፣ ወይም ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ለባዕድ ጨርሶ የማይነሣ ክርክር ለእሷ ሲሆን ከየት ይመጣል? እሷ ስትጠይቅ ውለታ ቢስ፣ እሱ ሲጠይቅ ባለሙያ! አስፋልቱ ላይ ጢቅ አድርጋ ተፋችና ሄደች።

እሑድ ጠዋት የክፍሏ በር ተንኳኳ። ጥሩነሽ ናት። ዓይኗ ደም ለብሷል፣ ድምጿ ተዘግቶ በሹክሹክታ ነው የምትናገረው።

"ሰርካዲስ ነይ ብላለች። ውሃው ከወለሉ ሥር ወጣ፣ ሁሉ ቦታ ተጥለቀለቀ። የቤቱ ባለቤት ዛሬ ካልደረቀ ቁልፌን አምጪ ብሏታል። ደንበኛ ደግሞ ሞልቷል።"

"ሙዓለሙን ጥሪው በያት።"

"ስልኩን አያነሣም።" ጥሩነሽ መሬት መሬት እያየች፣ "ፍራሹን አስታውሺያት ብላኛለች" አለች።

ሂዳያ የጥሩነሽን እጅ ያየችው ያን ጊዜ ነው። አሲዱ የነካው ቆዳ ተልጦ፣ ጣቶቿ የተቀቀለ ድንች ልጣጭ መስለዋል። በዚህ እጅ ነው ትናንት ፎጣ ስታጥብ የዋለችው። ሂዳያ ሳጥኗን አንሥታ ወጣች።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሴቶቹ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው አፍንጫቸውን ይዘዋል። ሂዳያ ሁሉንም በር ላይ እንዲቆሙ አድርጋ ንጣፉን አነሣች። ዘንጉ ቧንቧውን ሽንቁር አድርጎታል፤ አሲዱ ያለሰለሰውን ዘንጉ በስቶት፣ የታፈነው ግን እንደታፈነ ነው። ተንበርክካ እጇን ሰደደች። የወጣው ነገር የስንቷ ሴት ሹሩባ፣ ቅጥያ፣ ሰምና ቅባት ተጋግሮ የክንድ ውፍረት ያለው ጥቁር ጥቅልል ነው፤ እየጎተተችው አላልቅ አለ። አንዷ በሩ ላይ አስመለሳት። ሁለቱ ቀረጹ። ሂዳያ የተሸነቆረውን ቆርጣ አወጣች፣ ከሳጥኗ አዲስ ቧንቧ ለክታ ገጠመች፣ ውሃ ለቀቀች። ውሃው ጉሮሮ እንዳገኘ ሰው ዋጥ አድርጎ ሄደ። ደንበኞቹ አጨበጨቡ።

ሰርካዲስ እጆቿን ዘርግታ መጣች። ዓይኗን በጨው አጥባ፣ የሂዳያን ሁለት ጉንጭ ግራና ቀኝ ሳመቻት። "የኔ እህት! ሃቢብቲ! አላህ ይስጥሽ!" አለች፤ ክርስቲያኗ ሰርካዲስ የሂዳያን አላህ የምትጠራው እንዲህ ያለ ጊዜ ብቻ ነው።

"ስልሳ" አለች ሂዳያ።

"ምን?"

"ላበላሸው የከፈልሽውን ላስተካከለው ክፈይ።"

ሰርካዲስ ሳቀች፣ ደንበኞቹን አየች፣ ሳቋን ሰበሰበች። "ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ? እኔ ባልኖር ዛሬ ይህን መፍቻ ትይዢ ነበር? መንገድ ላይ ስትወድቂ ማን አነሣሽ? የማን ፍራሽ ላይ—"

"የት ነው ያለው?"

"ምኑ?"

ሂዳያ መልስ ሳትጠብቅ ጓዳ ገባች። ፍራሹ ግድግዳ ሥር ተዘርግቷል። አበባማው ጨርቁ ነጥቷል፣ መካከሉ ጎድጉዷል፣ ጠርዙ ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው ቡናማ ጠባሳ አለ። ጠባሳውን ስታየው ቆመች። የራሷ ነው። በመጣች በማግስቱ፣ እግሯ ገና እያበጠ፣ ሰርካዲስ የፀጉር ቤቱን ፎጣዎች ካውያ እንድትመታ አዝዛት፣ ጠረጴዛ ስላልነበረ ፍራሹ ላይ ስትመታ ነው ያቃጠለችው። በማግስቱ! ይህን ሁሉ ዓመት ያልተከፈለ ውለታ ብላ የተሸከመችው፣ ሁለተኛው ቀን ላይ መከፈል ጀምሮ ኖሯል።

ፍራሹን ጠቀለለችው፣ በገመድ አሰረችው፣ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

"እብድ ነሽ እንዴ!" አለች ሰርካዲስ በሩን ይዛ።

"ዋጋዬ ይኼ ነው። ስልሳው ይቅርብኝ። ከእንግዲህ ማንም ላይ አትዘረጊውም።"

"እሷስ? ጥሩነሽስ ምን ላይ ትተኛለች?"

"ከኔ ዘንድ ትተኛለች፣ እሷ ከፈቀደች።"

"ታዲያ ፎጣውን ማን ሊያጥበው ነው?"

ቃሉ ከወጣ በኋላ ሰርካዲስ ራሷም ሰማችው። በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች ዓይናቸውን ከሰርካዲስ አሸሹ። እያንዳንዷ ፎጣ የምታጥብበት ቤት አላት፣ እሑድ ማታ የምትመለስበት።

"ራስሽ ትሠሪዋለሽ" አለች ሂዳያ። "ስንት ዓመት ስትፈትጊ የኖርሽ ሰው አይደለሽ? ፎጣ እኮ ነው፣ መኪና አይደለም።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ሰርካዲስ የያዘችውን በር ለቀቀች። ጥሩነሽ አንዴ ሰርካዲስን አንዴ ሂዳያን አየች። ልብሷን በፌስታል ለመክተት ጊዜ አልፈጀባትም። ሁለቱ በድልድዩ ሥር፣ በቫኖቹ መካከል ሲያልፉ አንዱ ሾፌር "ፍራሹን ለስንት ትሸጪዋለሽ?" ብሎ ጮኸ። ሂዳያ ስድቧን በአረብኛ አሳምራ መለሰችለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ቀለል ብሏት ነበር።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ፍራሹ ሲዘረጋ መርገጫ ጠፋ። ሂዳያ ወገቧ ተቆርጦ አልጋዋ ላይ ዘፍ አለች። ጥሩነሽ ፍራሹ ዳር ላይ፣ እንግዳ እንደሚቀመጥ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች።

"እግዜር ይስጥሽ። አሁን እኔ ምን ልሥራልሽ?" አለች በዚያ በተዘጋ ድምጿ።

ሂዳያ ዓይኗ ወደ ጥግ ሄደ። የትናንቱና የዛሬው ሳህን መታጠቢያው ውስጥ ተከምሯል፣ ወጥ ደርቆበታል። ወገቧ ይጠዘጥዛታል። አፏ ሳታስበው ተከፈተ። "ምንም፣ ብቻ እነዚያን ሳህኖች…"

ጥሩነሽ ተነሥታ ነበር። በተላጡት ጣቶቿ እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ ፊቷ ላይ እፎይታ ይታያል፤ ምን እንደሚፈለግባት ስላወቀች ደስ ብሏታል።

"ተቀመጪ!" ሂዳያ ጮኸች። ጥሩነሽ ደነገጠች። ሂዳያ ዘላ ደርሳ ስፖንጁን ከእጇ ነጠቀቻት። "ተቀመጪ አልኩሽ፣ እትዬ ጥሩነሽ። ዋጋሽን ሳትነግሪኝ እዚህ ቤት ማንኪያ እንዳትነኪ።"

"ዋጋዬን?"

"ዋጋሽን። ላንድ ቀን ሥራ ስንት ነው የምትጠይቂው?"

ጥሩነሽ አሰበች። የእውነት አሰበች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ አፍራ ፈገግ አለች። "እኔ እንጃ። ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።"

ሂዳያ ጀርባዋን ሰጥታት ሳህኖቹን አንድ ባንድ ማጠብ ጀመረች። ሰርካዲስም ያን ቀን በሩን ስትከፍት ክፉ ሰው አልነበረችም። እሷም የጀመረችው "ብቻ እነዚያን ፎጣዎች" ብላ ሳይሆን አይቀርም። ሂዳያ ሳህኖቹን ጨርሳ እጇን በሳሙና ፈተገችው፣ አለቀለቀችው፣ ደግማ ፈተገችው። ያን ሁሉ ዓመት ስንት ፍሳሽ ውስጥ የገባ እጅ ዛሬ ገና ሸተታት።